የሚበር ባጃጅ ፎቶ ላይ ለምን ቆሞ ይቀራል? ድሮን ይዛችሁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከላይ የተነሳ መንገድ ነው። ባጃጆቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ጋሼ፣ እየበረሩ ነበር እኮ!» ይለኛል። አምኜዋለሁ፤ ፎቶውን ያየ ሰው ግን ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁ ነው የሚመስለው። በዚህ ወር ይህን የጠየቀኝ እሱ አራተኛው ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የልጁ ጥፋት ካሜራውን ኦቶ ላይ፣ ሁሉንም ራሱ እንዲመርጥ፣ መተዉ ነው። ፀሐይ ሲበዛ ካሜራው ሸተሩን (ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ያፈጥነዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ደግሞ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1/8 ሰከንድ ግን አንድ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ብለር የምንለው ፎቶው ላይ ተስባ የምትታየውን ያቺን አንድ ሜትር ነው። ማኑዋል አድርጉት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሸተሩን አዘግዩት፣ አለቀ።

«አዘገየሁት፣ ግን ፎቶው ነጭ ወረቀት ሆነ» የሚል ደግሞ ይመጣል። ይሄ ኤንዲ ፊልተር፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ያልገጠመ ነው፤ ወይም ኤንዲ 8 (ብርሃኑን ለ8 የሚያካፍል) ገዝቶ «ፊልተር አለኝ» የሚል። የትንንሾቹ ድሮኖች አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ሌንሱ ኤፍ 2.8 ከሆነ በጠራራ ፀሐይ ሸተሩ ወደ 1/3200 ይሄዳል። ኤንዲ 8 ወደ 1/400 ቢያወርደው ነው፣ ምንም አይጠቅማችሁም። ኤንዲ 64 እንኳ 1/50 ላይ ያቆማችኋል፣ ለባጃጅ ገና ነው። ወደ 1/12 የሚያወርዳችሁ ኤንዲ 256 ነው። ወይም ብር ከማውጣት ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቁ። ፊልተሩን የምትገጥሙት ደግሞ ድሮኑ ሳይበራ ነው። የበራ ጊምባል (ካሜራውን የሚያረጋውን ክንድ) እየታገላችሁ የምትገጥሙ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን የት ነው የምታገኙት?

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ንፋስ!

የብለር ፎቶ የሚያምረው መኪናው ስለተሳበ ብቻ አይደለም። አስፋልቱ ስላልተሳበ ነው። ዜብራው ጥርት ብሎ፣ የዛፉ ቅጠል ሳይቀር እየተቆጠረ፣ መኪናው ብቻ እንደ ቀለም ሲፈስ ነው ዓይን የሚይዘው። ሁሉም ነገር ከተሳበ እጅ የተንቀጠቀጠበት የስልክ ፎቶ ነው። እና እናንተ የምታነሱት የት ነው? አዳማ! ከተማው አጠገብ በሁለት ዙር 136 የንፋስ ተርባይን የተተከለው ለጌጥ መሰላችሁ? መሬት ላይ ፌስታል እየተንከባለለ፣ አቧራው ዓይን እያጠፋ፣ 250 ግራም የማትሞላ ድሮን አስነስቶ 1/4 ሰከንድ ላይ ማንሳት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ከዚያ «ካሜራው ቀሽም ነው» ትሉኛላችሁ። ካሜራው ምን አደረጋችሁ?

እንዲህ የምጮኸው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ የሙሽሮቹን አጃቢ መኪኖች አደባባይ ሲዞሩ ከላይ አነሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ቀን 9 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የቆምኩበት ዛፍ ቅጠሉ አይነቃነቅም። ድሮኑን 90 ሜትር ሰቀልኩት። ስክሪኑ ላይ የንፋስ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ በጣቴ ጠረግ አድርጌ አጠፋሁት። ወደ ስልሳ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሙሽራዋ መኪና፣ አደባባዩ፣ ዛፎቹ፣ ሁሉም በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ይመስላል። ሚዜው «ካሜራው ተበላሽቶ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸቴን ነው።

ስለዚህ ታች ያለውን ቅጠል አትመኑ፣ ላይ ያለው ንፋስ ሌላ ነው። ዝቅ በሉ። ድሮኑን ካቆማችሁ በኋላ እጃችሁን ከመቆጣጠሪያው ላይ አንሱና ሦስት አራት ሰከንድ እስኪረጋ ጠብቁት። ካልረጋ ቡና ጠጡና ነገ ተመለሱ።

ዝቅ ማለት በሌላም በኩል ይጠቅማል። በተለመደው ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ100 ሜትር ላይ ቁልቁል ስታነሱ ፎቶው ከጎን ወደ ጎን 150 ሜትር መሬት ይይዛል። እዚያ ውስጥ አንድ ሜትር የተሳበ ባጃጅ ስልክ ላይ ማን ያየዋል? ከ40 ሜትር ግን ይታያል። ብቻ ከመንገዱ ዳር ሁኑ፣ ሰውና መኪና አናት ላይ አትቁሙ። ፈቃድ ሳይዙ ማብረርንማ አልነግራችሁም።

መኪናውን እየተከተሉ አስፋልቱን ብለር ማድረግ የሚወዱም አሉ። ያምራል። ግን ፍጥነት መንገዱ ላይ በ100 የሚሄድ መኪና አትምረጡ። ብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች በስፖርት ሞድ እንኳ በሰከንድ 16 ሜትር ነው፤ በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እዚያ ላይ ስፖርት ሞድ ሲበራ የእንቅፋት መከላከያው ይጠፋል። የከተማ ባጃጅ ይበቃችኋል። መንገዱን ተከትላችሁ ወደ ቢሾፍቱ ልሂድ የምትሉ ደግሞ እዚያ አየር ኃይል እንዳለ አትርሱ።

አንድ ፎቶ አንስቶ ድሮን ማሳረፍም አለ። ሃያ ሠላሳ አንሱ፣ ሁለቱ ቢሳካ ጥሩ ቀን ነው። በአፕ ብለር የምትጨምሩ፣ የመኪናው ጥላ ሳይሳብ እንደቀረ ያስታውቅባችኋል።

ያ ልጅ ትናንት ሌላ ፎቶ ላከልኝ። ባጃጁ ተስቧል፣ ዜብራው ጥርት ብሏል፣ ደስ አለኝ። መሃሉ ላይ ግን ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ፊልተሩን እንዴት እንደገጠመው ጠየቅኩት፤ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነው።