የፒዛ ምድጃ ቅስትና ጉልላት እንዴት ይገነባል?

ወለሉ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ጉልላቱን ለመጀመር ይቸኩላል። ቅድሚያ የሚሰጠው ግን የበሩ ቅስት ነው፤ ልኩ ከተዛባ ምድጃው ዕድሜ ልኩን ያስቸግራል። የበሩ ቁመት ከጉልላቱ የውስጥ ቁመት 63 በመቶ ገደማ ይሁን። ጉልላቱ በውስጥ 100 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው በሩ ወደ 31 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ከበለጠ ሙቀቱ ያመልጣል፤ ካነሰ እሳቱ አየር ያጥረዋል።

ሁለት እኩል ግማሽ ክቦች ከኮምፔርሳቶ ቆርጠው በመካከላቸው እንጨት በመምታት ለቅስቱ ድጋፍ ይሥሩ። ድጋፉን በቀጫጭን ሽብልቆች ላይ ያቁሙት፤ በኋላ ሽብልቆቹን ሲስቡ ራሱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። የጡቦቹ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ አንዱ አናቱ ላይ እንዲቀመጥ። ከግራና ከቀኝ እያፈራረቁ ይገንቡ። ቅስት ወደ ጎን ስለሚገፋ ግራና ቀኙ ሳይደገፍ እንጨቱ አይነሳም።

ተራ የሲሚንቶና የአሸዋ ሞርታር በከፍተኛ ሙቀት ይፈረፈራል። እሳት የሚችል ሞርታር ከሌለ 3 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራና 1 እጅ እሳት የሚችል ሸክላ አፈር ይቀላቀላል። እሳት የሚችለውን ጡብ ከመገንባት በፊት ውሃ ያጠጡት፤ ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውሃ ይመጠዋል። ጡብ ሲቆረጥ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ጭምብል ያድርጉ፣ እየረጠበም ይቆረጥ።

ለጉልላቱ ጡቦቹን ለሁለት ይቁረጡ። በወለሉ መሃል በየአቅጣጫው የሚዞር የብረት ዘንግ ይትከሉ፤ ጫፉ ላይ ጡቡን የሚይዝ ቁራጭ አንጎላሬ (የማዕዘን ብረት) ይበየድበት። ከመዞሪያው እስከ ጡቡ የውስጥ ገጽ ያለው ርቀት ሁልጊዜ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ጡቦቹ በውስጥ በኩል ሊነካኩ ምንም አይቀራቸው፣ ክፍተቱ በውጭ በኩል ይሁን። መጋጠሚያዎቹ ከሥራቸው ካለው የጡብ ዙር መጋጠሚያ ጋር ፈጽሞ አይገጣጠሙ። የፈሰሰውን ሞርታር ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ፤ ጉልላቱ ከተዘጋ በኋላ ለዚህ ሥራ በበሩ ጭንቅላትን ማስገባት ግድ ይሆናል።

ትዕግሥት የሚፈትነው ዙሮቹ ከቅስቱ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። ግራው ከቀኙ በግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከበለጠ፣ በቅስቱ አናት ላይ የሚያልፈው ዙር አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ቅስቱ ዘንድ ሲደርስ በሁለቱም በኩል በውሃ ልክ ይለኩ። በቅስቱና በዙሩ መካከል ሦስት ማዕዘን ክፍተት ሲፈጠር በሞርታር ሞልቶ ማለፍ ያጓጓል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ግን እሱ ነው። በልኩ የተቆረጠ ጡብ ይግባበት።

አንድ ዙር ሲገጥም ራሱን ይችላል፤ እስኪገጥም ግን የላይኞቹ ጡቦች ይንሸራተታሉ፣ በእንጨት ይደግፏቸው። ቀዳዳው ሳይጠብ ዘንጉን ያውጡ። መዝጊያው ጡብ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ይሁን።

ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት። ከዚያ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምረው በየቀኑ 50 ዲግሪ ያህል እየጨመሩ ለሰዓታት ያንድዱ። ከተቸኮለ የታመቀው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ጉልላቱን ይሰነጥቃል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያስደነግጥም። ሙቀት የሚይዘው የሴራሚክ ብርድ ልብስ የሚለብሰው ጉልላቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው።