ሱቅ ውስጥ የቤዝ አምፕ ስትሞክሩ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ፒያሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ያገለገለ የቤዝ አምፕ (የቤዝ ጊታር ድምጽ ማጉያ) ሞከርኩና ጥዬው ወጣሁ። ድምጹ ቀጭን ነበር። ክሩን ጠንከር አድርጌ ስመታው ደግሞ እንደሚቀደድ ወረቀት ይሰነጠቃል። «ስፒከሩ ሞቷል» አልኩት ባለሱቁን። በዚያው ሳምንት አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ያንኑ አምፕ ገዛው። ልምምድ ላይ ሲያመጣው ክፍሉን ሞላው። ለካ ያለቀው የኔ ቤዝ ውስጥ ያለው ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ነው። ጥሩ ዕቃ አመለጠኝ፣ የሰውየውንም ዕቃ ያለ ጥፋቱ አጣጣልኩበት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስሄድ የራሴን ቤዝ፣ ደህና መሆኑን የማውቀውን የራሴን ኬብል እና አዲስ ድንጋይ ይዤ ነው። ችግር ሲገጥመኝ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ። ኬብሉንም ቁልፉንም ቦታውንም አንድ ላይ ከነካካችሁ የትኛው እንዳስተካከለው በጭራሽ አታውቁም።

ምንም ድምጽ የለም

መብራቱ በርቷል፣ ግን ዝም ነው። መጀመሪያ የቤዙን ቮልዩም እዩ። ቀጥሎ አምፑ ላይ ድምጽ የሚያጠፋ ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ላይም የተረሳ ነገር ተሰክቶ እንደሆነ ተመልከቱ። እዚህ ላይ የሚያልቀው ብዙ ነው።

ካልሆነ የአምፑን ቮልዩም በጣም ዝቅ አድርጉ፣ ኬብሉን ከቤዙ ንቀሉና ጫፉን በጣታችሁ ንኩት። «ብዝዝ» ካለ አምፑም ኬብሉም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ያለው ቤዙ ጋ ነው። ምንም ካላለ ኬብሉን ቀይሩና ድገሙት።

አሁንም ዝም ካለ፣ ከኋላ ኢፌክት (ድምጽ የሚቀይር መሣሪያ) የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ ካለው አንድ አጭር ኬብል ከመውጫው ወደ መግቢያው ሰኩ። ድምጹ ከመጣ በመግቢያው ቀዳዳ ውስጥ ያለው መገናኛ አቧራ ይዟል ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ወራት የተቀመጠ አምፕ ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ በማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል። አምፑና ስፒከሩ ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ ስፒከኑ (የስፒከሩ ኬብል የሚቆለፍ መሰኪያ) ተገፍቶ ብቻ ቀርቶ እንዳይሆን፣ ገፍታችሁ እስኪቆልፍ ማዞር አለባችሁ።

ድምጹ ቀጭን ነው፣ ይሰነጠቃል

ቤዛችሁ አክቲቭ ከሆነ (ውስጡ በድንጋይ የሚሠራ ማጉያ ካለው) ድንጋዩን ቀይሩ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት። ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ፦ አክቲቭ ቤዝ ላይ ጃኩ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ድንጋዩ ይሠራል፣ ባትጫወቱም። ማታ ሰክታችሁት ካደራችሁ ጠዋት ላይ ትንሽ ጎድሎ ታገኙታላችሁ፣ ይህ ሲደጋገም አንድ ቀን መድረክ ላይ ይሞታል።

ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ጌይኑን (አምፑ መግቢያ ላይ ድምጹን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ቁልፍ) ተመልከቱ። ከባዱን ክር ስትመቱ ቀዩ መብራት ደጋግሞ የሚበራ ከሆነ መግቢያው ላይ በዝቶበታል። ጌይኑን ቀንሱ፣ «አክቲቭ» የሚል መግቢያ ወይም ቁልፍ ካለውም እሱን ተጠቀሙ።

ጌይኑ ዝቅ ብሎ፣ ቮልዩሙም ዝቅ ብሎ፣ አሁንም የሚፋጭ ነገር ከሰማችሁ ግን ያኔ ስፒከሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። አምፑን አጥፉ። ከስፒከሩ ፊት ያለው ወንፊት የሚነሳ ከሆነ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ አንሱት፣ ከዚያ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጃችሁ ጣቶች ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለ ድምጽ ገብቶ ያለ ድምጽ መመለስ አለበት። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። አሸዋ እንደሚፈጭ «ክርር» ካለ የስፒከሩ የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ወይም ከመስመሩ ወጥቷል። ይሄ በቅናሽ የሚታለፍ አይደለም፣ የስፒከር ዋጋ ከዋጋው ላይ ካልተነሳ ተዉት።

ኡኡኡ የሚል ድምጽ አለው

ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ነው፣ ያ ኡኡታም የሚመጣው ከዚያው ነው። የቤዙን ኬብል ከአምፑ ንቀሉት። ድምጹ ከጠፋ ምንጩ ቤዙ ወይም ኬብሉ ነው፣ ካልጠፋ አምፑ ወይም መስመሩ ነው።

ምንጩ ቤዙ ከሆነ ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። አንድ አቅጣጫ ላይ ጸጥ ይላል፣ ሌላው ላይ ይጨምራል። እንዲህ ካደረገ ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን የሚይዘው ማግኔት) ከጎኑ ያለውን ትራንስፎርመር ወይም የሱቁን መብራት እየሰማ ነው። ጃዝ ቤዝ (ሁለት ፒክአፕ ያለው የቤዝ ዓይነት) ከያዛችሁ ሁለቱንም ቮልዩም እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ሁለቱ ፒክአፖች አንዱ የሌላውን ኡኡታ ይሽራሉ። ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ይሄ ችግር እምብዛም የለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንዱ ግማሽ የሌላውን ኡኡታ ይሽራል።

ከአምፑ ከሆነ ዲቫይደሩን ጠርጥሩ። አንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅም ቻርጀርም ሞንታርቦም ተሰክቶ የአምፑን ጥፋት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በቀጥታ ግድግዳ ላይ አሰኩት። ሱቁ በጀነሬተር እየሠራ ከሆነም መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኡኡታው እንዲጠፋ ብሎ የግራውንዱን መስመር የሚቆርጥ ወይም በፕላስተር የሚሸፍን ሰው አለ። አታድርጉት፣ ሲያደርግ ካያችሁም አስቁሙት። ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክራፎን ሲነካ ኮረንቲ የሚይዛችሁ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ግራውንድ ያለው መስሎ ውስጡ ሽቦ ላይደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ቤታችሁንም አንድ ጊዜ በባለሙያ አስፈትሹ።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይንጫጫል

ሁሉም ኖታ ጤነኛ ነው፣ አንዱ ላይ ስትደርሱ ግን «ጭርርር» ይላል። አምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። የሙዚቃ ሱቅ ውስጥ ናችሁ፣ ከበስተኋላችሁ ስኔር ድራም ተቀምጧል፣ ከታቹ ያሉት ሽቦዎች ለእናንተ ኖታ እየመለሱላችሁ ነው። የድራሙን ማንሻ ስታወርዱት ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ክሩን መትቼ ወዲያው በእጄ ሳፍነው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጊታሮች ለብቻቸው ሲዘምሩ ሰምቻለሁ። መስታወት፣ የአምፑ እጀታ፣ አምፑ ላይ የተቀመጠ የቁልፍ ዘለላም እንደዚያው ያደርጋል። አንድ ሰው ያንን ኖታ እየደጋገመ ይምታ፣ እናንተ የሚጠረጠረውን ሁሉ በእጃችሁ እየያዛችሁ ሂዱ። በሳጥኑ ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ከቆመ የላላ ብሎን አለ፣ አጥብቁት፣ አለቀ።

ቤዙ አይሰማም፣ ወይም ያጥለቀልቃል

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ብዙ ዓመት ተሳስቻለሁ።

ወፍራሙ የኢ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። አየር ውስጥ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። አምፑ እግራችሁ ሥር ተቀምጦ እናንተ ከአናቱ ቆማችሁ ስትጫወቱ የላይኛው ድምጽ በጉልበታችሁ በኩል ያልፋል፣ የታችኛው ደግሞ እንደ ቆማችሁበት ቦታ ይጎላል ወይም ይጠፋል። ግድግዳና ግድግዳው 4 ሜትር በሚራራቅ ሱቅ ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምጽ ይነግሣል፣ ያ ማለት ኤፍ ኖታ ላይ ስትደርሱ ክፍሉ ያገሳል። አምፑ ምንም አላደረገም፣ ክፍሉ ነው። አምፑ ጥግ ላይ ተወትፎ ከሆነማ ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ አምፑን ከጥግ አውጡት፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ወይም ፊቱን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ኢኪውውን (ወፍራሙን፣ መሃሉንና ቀጭኑን ድምጽ የሚያስተካክሉትን ቁልፎች) በሙሉ መሃል ላይ አድርጉ። ከዚያ ረጅም ኬብል ካለ እየተጫወታችሁ ወደ ኋላ አራት አምስት ሜትር ሂዱ። ከሌለ ለሻጩ ቤዙን ስጡትና «ወንድሜ፣ እስኪ አንድ ሁለት ደቂቃ ምታልኝ» በሉት። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። ሰው የሚሰማችሁ ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሀፍረት ነው። ሰው እያየን ስለምናፍር ቮልዩሙን ዝቅ አድርገን እንሞክራለን። ጆሯችን ደግሞ ድምጽ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምጽ በደንብ አይሰማም። እና ምን እናደርጋለን? ወፍራሙን እንጨምራለን፣ ቀጭኑን እንጨምራለን፣ መሃሉን እንቀንሳለን። ሱቅ ውስጥ እጅግ ያምራል። ቅዳሜ ማታ ክለብ ውስጥ ወይም እሁድ ጠዋት ቸርች ውስጥ ድምጹ ሲነሳ ግን ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ ከእናንተ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይጋጫል፣ ምን ኖታ እንደመታችሁ የሚለይ ሰው አይኖርም። ባለሱቁን አስፈቅዱና ለሦስት ደቂቃ መድረክ ላይ በምትጫወቱበት ድምጽ ሞክሩት። ልትከፍሉ የመጣችሁት ለዚያ ድምጽ ነው።

የምትጫወቱትንም ምረጡ። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ብቻ መትቶ አምፕ የሚገዛ ሰው ሳይ እሰጋለሁ። ለረጅም ኖታ ትዝታን ቀስ አድርጋችሁ ሂዱበት፣ እያንዳንዱ ኖታ እስኪሞት ጠብቁ። ከዚያ ችክችካ ምቱ፣ ፈጠን አድርጋችሁ። ትዝታው ላይ አንዱ ኖታ ከሌላው ጎልቶ እንደሚወጣ፣ ችክችካው ላይ ደግሞ ምቱ እንደሚለይ ወይም እንደሚደባለቅ ትሰማላችሁ። ድምጹ ከተደባለቀ ከ250 እስከ 500 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ቀንሱ፣ ካልለየ 800 አካባቢ ትንሽ ጨምሩ። በዚያ ካልዳነ አምፑ ለእናንተ አይሆንም። የሚቻል ከሆነ በስልካችሁ የድራምና የኪቦርድ ቅጂ ከፍታችሁ በላዩ ተጫወቱ፣ ለብቻው የሚያምር ድምጽ ባንድ ውስጥ ሲጠፋ ያኔ ይገባችኋል።

300 ዋት ነው ተብሎ ጉልበት የለውም

ዋት ሲታጠፍ ድምጽ አይታጠፍም። ከ150 ወደ 300 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፣ በጆሮ ትንሽ ጨመረ የሚባል። በጆሮ እጥፍ እንዲሆን አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይፈልጋል። አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ኤስ ቪ ቲ የተባለው አምፕም 300 ዋት ነበር፣ ያ አምፕ መድረክ የሚያናውጠው ስምንት ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያላቸው ሳጥኖች ከፊቱ ስለነበሩ ነው። አንድ ትንሽ ስፒከር ያን ያህል አየር አይገፋም።

ኦሙንም (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም) አንብቡ። «300 ዋት በ4 ኦም» ተብሎ የተጻፈበትን አምፕ ባለ 8 ኦም ሳጥን ላይ ከሰካችሁት ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥን አንድ ላይ ሲሆኑ 4 ኦም ይመጣል፣ ሙሉውን ታገኛላችሁ። ሁለት ባለ 4 ኦም ግን 2 ኦም ነው፣ አምፑ ካልቻለ ይቃጠላል። በአምፑና በሳጥኑ መሃል የጊታር ኬብል ሰክተው ሊያሞክሯችሁ ቢሞክሩ እምቢ በሉ፣ ቀጭን ሽቦው ይሞቃል። የቱቦ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ አምፕ) ደግሞ ያለ ስፒከር በጭራሽ አይበራም።

ከአሜሪካ የመጣ ነው

ዘመድ በሻንጣ ያመጣው አምፕ ብዙ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ዲሲ የመጣለትን አምፕ እንደ ደረሰው ሰካው፣ አንድ «ጧ» ሰማን፣ ከዚያ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220።

ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ካለ ያለ ስጋት ሰኩት። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው ወደ 230 አድርጉት፣ ከዚያ ሰኩ። 120 ብቻ ካለ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ አቅሙም አምፑ ከሚወስደው በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። የትራንስፎርመሩን ዋጋና ክብደት ከአምፑ ዋጋ ጋር ደምሩና አስቡበት። ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው መጠን ባለው ፊውዝ ብቻ ይተካ። የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ካገኛችሁ ያንን አምፕ አትግዙ፣ ውስጡ ምን እንደደረሰበት አይታወቅም።

ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል

አቧራ ነው። ሃያ ሠላሳ ጊዜ አመላልሱት፣ ካልጠፋ ስፕሬይ ያጸዳዋል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ሲሞቅ ይቀየራል

አንዳንድ ብልሽት ለአሥር ደቂቃ ተደብቆ ይቆያል። ስትገቡ አብሩትና አንድ ዜማ ተጫወቱበት፣ ከዚያ ሌላውን ዕቃ እያያችሁ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ከዚያ መጀመሪያ የተጫወታችሁትን ያንኑ ዜማ፣ ቁልፎቹን ሳትነኩ፣ ያንኑ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ድምጹ ከወረደ፣ ከጠፋና ከተመለሰ፣ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሸተተ አመስግናችሁ ውጡ። እንደ መጀመሪያው ከሆነ ስለ ዋጋው ማውራት ጀምሩ፣ ደረሰኙ ላይም ስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚቻል አስጽፉበት።