ጨርቅ ላይ ስክሪን ፕሪንት ለጀማሪ፦ ከወረቀት እንነሳ

ስክሪን ፕሪንት ሲባል ብዙ ሰው ማሽን ይታየዋል። ነገሩ ግን ወንፊት ነው። ፍሬም ላይ ወንፊት ይወጠራል፤ ስክሪን የምንለው ይህንን ነው። ቀለም እንዳያልፍ የምንፈልገው ቦታ ይደፈናል፣ እንዲያልፍ የምንፈልገው ክፍት ይቀራል። ቀለሙን በጎማ ስንጎትተው በክፍቱ በኩል ወርዶ ጨርቁ ላይ ያርፋል። በቃ። ወንፊቱ ድሮ ከሐር ይሠራ ስለነበር «ሲልክ ስክሪን» የሚለው ስም እስካሁን አለ፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ፖሊስተር ነው።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ኢመልሽን (ወንፊቱ ላይ የሚቀባና ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክር መድፈኛ)፣ መብራትና ጨለማ ክፍል የሚባለው ጣጣ ነው። ሁሉንም ዕቃ ገዝቶ ይጀምራል፣ ሦስት ነገር ባንዴ ይሳሳታል፣ የቱ እንዳበላሸበት ሳያውቅ ይተወዋል። እኔ የምለው፣ ኢመልሽኑን ለጊዜው እርሱት። ወንፊቱን ለመድፈን ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ወረቀት ይበቃችኋል። እጃችሁ ቀለም መጎተትን የሚለምደው በወረቀትም ሆነ በኢመልሽን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ፍሬሙ ከዲዛይናችሁ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሰፋ ይበል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ከሆነ «43ቲ» የሚለውን ፈልጉ፤ በአንድ ሴንቲሜትር 43 ክር አለው ማለት ነው። በኢንች የሚቆጥሩት 110 ይሉታል። ለጨርቅ የሚስማማው እሱ ነው። ክሩ ከዚያ በላይ ሲጠጋጋ ቀለሙ ይሳሳል። ራሳችሁ የምትወጥሩ ከሆነ ከየጎኑ መሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ማዶ እያላችሁ። ስትመቱት እንደ ከበሮ መጮህ አለበት።

መጎተቻው ስኩዊጂ ይባላል። እጀታ ያለው ወፍራም ጎማ ነው። የመስታወት ማጽጃ ይመስላል፣ ግን ጠንከር ይላል። ከዲዛይኑ ትንሽ የሰፋ፣ ፍሬሙ ውስጥ ደግሞ እንደልብ የሚንቀሳቀስ ይሁን።

ቀለሙ በውሃ የሚታጠብ የጨርቅ ቀለም ነው። ፕላስቲሶል የሚባለውን ለጊዜው ተዉት። በአየር አይደርቅም፣ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፣ በውሃም አይለቅም። የግድግዳ ቀለምማ ጨርቁን ካርቶን ያደርገዋል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁንና አስቀድማችሁ እጠቡት። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የሚወጣበት ማጠንከሪያ አለው፤ ቀለሙን እንዳይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ማለስለሻ አትጨምሩ። ከዚያ በካውያ ተኩሱት።

ዲዛይኑን ማሰብ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ወንፊት የሚያውቀው ክፍትና ዝግ ብቻ ነው፤ ደብዘዝ ያለ፣ ግራጫ፣ ጥላ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ በእርሳስ አትንደፉ። እርሳስ ያታልላል። ወፍራም ጥቁር ማርከር ያዙና ቅርጹን በሙሉ ጥቁር ሙሉት። ወረቀት የሚቆረጥ ከሆነ ከ3 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ባይኖር ይሻላል። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ካልተለየ ጨርቅ ላይም አይለይም።

ፊደል ሲኖር «መሃሉ ይወድቃል» የሚለው ጭንቀት ይመጣል። «ወ»ን ወይም «መ»ን ቆርጣችሁ ስታወጡ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ቁራጭ አብሮ ይለቃል። አትጣሉት። ጨርቁ ላይ በቦታው አስቀምጡት፣ ወንፊቱን ከላይ አሳርፉና ቀለም ጎትቱ። የመጀመሪያው ጉተታ ላይ እርጥቡ ቀለም ቁራጩን ከወንፊቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ስታነሱ አብሮ ይነሳል። ሌላው ደስ የሚል ነገር፣ እንደ ማኅተም ፊደሉን መገልበጥ የለባችሁም። የምታዩት ነው የሚታተመው።

ጨርቁን ሙሉ የሚሸፍን ተደጋጋሚ ንድፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። አራት ማዕዘን ወረቀት ውሰዱ። መሃሉ ላይ ሳሉ፣ ጠርዙን ግን አትንኩ። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቁረጡና ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ ከኋላ በፕላስተር አያይዙ። አሁን ደግሞ አግድም ቁረጡት፣ ላይና ታቹን አቀያይሩ። የሳላችሁት ነገር አራት ቦታ ተበትኖ ጥግ ጥጉን ይይዛል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ሙሉት፣ አሁንም የውጭውን ጠርዝ ሳትነኩ። ይህን ወረቀት ጎን ለጎን ስትደረድሩት መገጣጠሚያው አይታይም። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን አስማት ነበር የመሰለኝ፤ ቁጭ ብዬ አምስት ስድስት ሠራሁ።

ማተም

ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና ከላዩ ንጹሕ ጨርቅ ወጥሩበት። ትንሽ ልስላሴ ቀለሙን እኩል ያደርሰዋል። ቲሸርት ከሆነ ውስጡ ካርቶን ይግባ። እኔ የመጀመሪያዬን ቲሸርት ያለ ካርቶን አትሜ ፊቱም ጀርባውም አንድ ሥዕል ይዞ ወጣ፤ ለቤት ጽዳት ዋለ።

ጨርቁን እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዙት። የተቆረጠውን ወረቀት አስቀምጡ፣ ስክሪኑን ከላይ አድርጉ። ወረቀቱ ያልሸፈነውን የወንፊት ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ዝጉት፤ ቀለም ሾልኮ ጨርቁን የሚያበላሸው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ቀለሙን ከእናንተ ራቅ ባለው ጠርዝ፣ ዲዛይኑ ካለበት ውጭ፣ በመስመር አፍስሱ። አትሰስቱ። ስኩዊጂውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ከ45 ዲግሪ ትንሽ ቀና አድርጉና ሳታቆሙ ወደራሳችሁ ሳቡ። ግፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። በደንብ ሲሄድ ጥርት ያለ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፣ ወንፊቱም ላይ የተከማቸ ቀለም አይቀርም። ለጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉተታ ይበቃል። ከዚያ ስክሪኑን እንደ በር፣ ከአንድ ወገን ከፍታችሁ አንሱት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ህትመቶች ቁራጭ ጨርቅ ላይ አድርጉ። ጠርዙ ተንጠባጥቦ ከወጣ ወይ ቀለሙ ቀጥኗል፣ ወይ ጉተታው በዝቷል፣ ወይ ስኩዊጂው በጣም ተጋድሟል። ነጠብጣብ ነጭ ቦታ ከቀረ ደግሞ ግፊታችሁ አንሷል። ሥዕሉ ሁለት ሆኖ ከታየ ጨርቁ ወይም ስክሪኑ ተንቀሳቅሷል።

ተደጋጋሚ ንድፍ ላይ 1፣ 3፣ 5 እያላችሁ ዝለሉ። እነሱ ሲደርቁ 2ን፣ 4ን፣ 6ን ሙሉ። በተከታታይ ካተማችሁ ፍሬሙ እርጥቡ ላይ ያርፋል።

ስልክ ቢጮህ አታንሱ። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም፤ የውሃ ቀለም ወንፊት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ከደረቀ ደግሞ ቀዳዳውን ደፍኖ ይቀራል። የግድ ማረፍ ካለባችሁ ስክሪኑን አንስታችሁ ቀለሙን ሳትጫኑ ስስ አድርጋችሁ አልብሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ይገዛላችኋል። እንደጨረሳችሁ ግን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃና በስፖንጅ ከሁለቱም ወገን እጠቡ። ወረቀቱ ውሃ ስለጠጣ ይጣላል፤ ንድፉን ከወደዳችሁት አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ቅጂ ቁረጡ።

በሙቀት ማጽናት

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ስስ ጨርቅ ከላይ አድርጉና እንፋሎት በሌለው፣ ለጥጥ በተስተካከለ ካውያ እያንዳንዱን ቦታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያንቀሳቀሳችሁ ተኩሱ። የቀለሙ ዕቃ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ። ዋናውን ከማጠባችሁ በፊት ያንን ቁራጭ ጨርቅ እጠቡና ፈትኑ።

ወረቀት ሲያንስ

ቀጭን መስመር ሲያምራችሁ፣ ወይም አንድን ንድፍ መቶ ጊዜ ማተም ስትፈልጉ፣ ያኔ ኢመልሽን ግዙ። ወንፊቱን በስሱ ቀቡና ጨለማ ውስጥ አጋድማችሁ አድርቁ። ዲዛይኑ በጥቁር የታተመበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ላዩ ላይ አጣብቃችሁ መብራት አብሩ። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፣ በጥቁሩ የተጋረደው በውሃ ታጥቦ ይወጣል።

ስንት ደቂቃ ይበራ? መብራቱና ርቀቱ ይወስነዋል፣ ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር አይሠራላችሁም። አንድ ስክሪን ለፈተና ሠዉ። ካርቶን እያንሸራተታችሁ በየደቂቃው አዲስ ክፍል ክፈቱና ከዚያ እጠቡት። ገና ስታጥቡት ሟሙቶ የሄደው ክፍል ብርሃን አንሶታል፣ ቀጫጭን መስመሮቹ አልከፈት ያሉት ደግሞ በዝቶበታል። በመካከላቸው ጥርት ያለውን ስታገኙ ደቂቃውንና የመብራቱን ርቀት ፍሬሙ እንጨት ላይ በማርከር ጻፉት።