«ይበላል እኮ» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም፦ የውሻና የድመት ጥርስ ችግርና መፍትሄ

አንዲት እናት ጎንደር አጠገብ ካለችው ከአዘዞ ውሻቸውን በባጃጅ ጭነው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ውሻው መከታ ይባላል። ከግራ ዓይኑ ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረችው፤ መግል ይወርድባታል። ለአንድ ወር ያህል በጨው ውኃ እየጠረጉ፣ የዓይን ቅባት እየቀቡ ቆይተዋል። ቁስሉ ይደርቃል፤ ሳምንት ሳይሞላው መልሶ ይፈነዳል።

«እማማ፣ አፉን አይተውታል?» አልኳቸው።

«አፉን ደግሞ ለምን ልጄ? ሕመሙ ዓይኑ ላይ ነው። ደግሞም ይበላል እኮ!»

የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ኋላ ገለጥ አደረግሁት። ትልቁ የመንጋጋ ጥርሱ እስከ ድዱ ድረስ ተሰንጥቋል፤ የውጭው ገጽ እንደ ሸክላ ስባሪ ተነሥቶ መሐሉ ጠቁሯል። እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ዝም አሉ።

«ይበላል እኮ» የሚለውን ቃል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እውነት ነው፣ ይበላል። ውሻና ድመት ጥርሳቸው እየመገለም ይበላሉ። በታመመው ጎን ማኘክ ትተው በሌላው ያኝካሉ፤ ሁለቱም ጎን ከታመመ ሳያኝኩ ይውጣሉ። ሕመማቸውን መደበቅ ተፈጥሯቸው ነው። ስለዚህ ሳህኑ ባዶ መሆኑ ስለ አፉ ጤንነት ምንም አይነግረንም፤ ከንፈሩን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

አያያዙ ቀላል ነው። እንስሳው ተረጋግቶ በተኛበት ከጎኑ ይቀመጡ፤ አፉን አይክፈቱ፤ በአውራ ጣት የላይኛውን ከንፈር ወደ ላይና ወደ ኋላ ይግለጡ። ውሻ 42፣ ድመት 30 ቋሚ ጥርስ አላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚናገሩት ግን ከላይ ከኋላ ያሉት ትልልቆቹ ጥርሶች ናቸው፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። ጤናማ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነም አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት፦ እጅ የማይገባበት አፍ

መንጋጭላው ተንጠልጥሎ የቀረ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ የሚንገዳገድ ወይም ጠባዩ በድንገት የተገለበጠ ውሻ ወይም ድመት ካዩ ጥርሱን አይመልከቱ። ብዙ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ልክ እንዲህ መስሎ ይመጣል፤ ቫይረሱም ያለው ምራቁ ውስጥ ነው።

እንስሳውን ሳይነኩ በር ይዝጉበት፣ ልጆችን ያርቁ፣ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰዎት፣ ከቧጨረዎት ወይም ለሃጩ ቁስልዎን፣ ዓይንዎን ወይም አፍዎን ከነካ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ዓይንና አፍን በብዙ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ አንድ ቀን እንኳ አያጥፉ፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ወይም ድመት በሕይወት ካለና መዝጋት ከተቻለ 10 ቀን ይጠበቃል እንጂ ተገድሎ አይጣልም። ይህ መጠባበቅ ግን የእርስዎን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አያዘገየውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በየዓመቱ ለሚከተብና ጠባዩን በደንብ ለሚያውቁት እንስሳ ነው።

አፉ ይሸታል፣ ጥርሱ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኗል

«የውሻ አፍ ድሮም ይሸታል» ይባላል። አይደለም። ጤናማ የውሻ አፍ የምግብ ጠረን ሊኖረው ይችላል፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ ግን አይኖረውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥርሱ በጸዳ በሰዓታት ውስጥ የባክቴሪያ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ካልተጠረገ በ2 ወይም በ3 ቀን ምራቅ ውስጥ ካሉት ማዕድናት ጋር ተዋሕዶ መደንደን ይጀምራል፤ የጥርስ ድንጋይ የምንለው ይህን ነው። በውሻ ላይ ቶሎ የሚከማቸው ምራቁ ከእኛ ምራቅ ይልቅ አሲድነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። በዚያው ምክንያት ሰውን የሚያሠቃየው የጥርስ መቦርቦር በውሻ ላይ እምብዛም አይታይም። ውሻን ጥርስ የሚያሳጣው የድድ በሽታ ነው። መጀመሪያ ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት ቦታ ቀይ መስመር ይወጣል፤ ቀጥሎ ድዱ ይደማል፤ ከዚያ ድዱ ይሸሻል፣ ሥሩን የያዘው አጥንት ይበላል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል። ቀይ መስመሩ ላይ ከደረሱበት ይመለሳል። የተበላ አጥንት ግን አይተካም።

ያዩት ለስላሳ ቢጫ ሽፋን ብቻ ከሆነ መፍትሄው መቦረሽ ነው። ንጹሕ ፋሻ ወይም ስስ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ይጠቅልሉ፤ ሽንኩርትና ጨው ያልነካው የሥጋ መረቅ ያስነኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ከንፈሩን መግለጥና ማሞገስ ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት ጣትዎን በጥርሱ ውጫዊ ገጽ ላይ ያንሸራትቱ። ሲለምድ ለስላሳ የልጆች ብሩሽ ይግዙ፤ ብሩሹን ወደ ድዱ ጫፍ ዘንበል አድርገው በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ ለእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ደቂቃ ያህል። የውስጠኛውን ገጽ ምላሱ ያግዛል። በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል፤ በሳምንት ከ3 ቀን በታች ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የእኛን የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ። እንስሳ አይተፋም፣ ይውጠዋል፤ ፍሎራይዱ ሆዱን ይጎዳል። ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ከሆነ ደግሞ የውሻን የደም ስኳር በድንገት አውርዶ ጉበቱን ሊያበላሽ ይችላል። ሎሚ፣ አመድ፣ የከሰል ዱቄትም ይቅሩ። መፋቂያ ለእኛ በረከት ነው፤ እንስሳ ግን ራሱን ሲያወዛውዝ እንጨቱ ድዱን ይወጋዋል።

የደነደነ ቡናማ ድንጋይ ካለ ብሩሽ አይነቅለውም። በቢላዋ ወይም በጥፍር መቁረጫ የሚፍቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እባክዎ አያድርጉት። የጥርሱ ልባስ ይጫራል፣ በተጫረው ላይ ቆሻሻው ቶሎ ይጣበቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎጂው ድንጋይ ያለው ከድድ ሥር ነው። ያንን ማውጣት የሚቻለው በማደንዘዣ አስተኝቶ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት የውሻና የድመት ጥርስ ማጽዳትና መንቀል ይሠሩ እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚሠሩ ይጠይቁ።

ሽታው እንደ ሽንት ከሆነ፣ በተለይ ውኃ በሚያበዛ ያረጀ ድመት ላይ፣ ኩላሊቱን ይጠርጥሩ። እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ጣፋጭ ሽታ ደግሞ የስኳር በሽታን ያመለክታል። ሁለቱም የደም ምርመራ እንጂ ብሩሽ አይፈልጉም።

ከዓይኑ ሥር ያብጣል፣ ይመግላል

የመከታ ችግር ይህ ነበር። የላይኛው ትልቁ የውሻ ጥርስ ሦስት ሥሮች አሉት፤ የሥሮቹ ጫፍ የሚደርሰው ከዓይን ሥር ነው። ጥርሱ ሲሰነጠቅ ባክቴሪያ በስንጥቁ ገብቶ ሥሩ ላይ መግል ይቋጥራል፤ መግሉም ባገኘው ቀጭን መንገድ ጉንጭን ይበሳል። አንቲባዮቲክ ለሁለት ሳምንት ያደርቀዋል፤ ምንጩ ግን እዚያው ነው። መፍትሄው ጥርሱን መንቀል ነው። የመከታ ቀዳዳ ጥርሱ በተነቀለ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምንም ቅባት ተዘጋ።

ጥርሱን የሚሰነጥቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አጥንት፣ ድንጋይና ሰንሰለት። ስለ ሰንሰለቱ መናገር አለብኝ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ሰንሰለቱን ያኝካል፤ የክራንቻዎቹ ጀርባ በሞረድ እንደተሞረደ ያልቃል። ይህን የሚያደርገው በመሰላቸት ነው። ማታ ግቢ እንዲጠብቅልን የምንፈልገውን ውሻ ቀን በጥቂቱም ቢሆን ማንሸራሸር ይገባናል፤ የሚያኝከው ቋጠሮ ያለው ወፍራም የጥጥ ገመድም ይሰጠው። የጎማ ቁራጭ አይስጡት፣ ውስጡ ሽቦ አለው።

ከፋሲካ ማግስት፦ አፉን በእግሩ የሚቧጭር ውሻ

ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ አጥንት ሳያይ የከረመ ውሻ የፋሲካ ዕለት ቅልጥሙም የዶሮ አጥንቱም በአንድ ቀን ይወርድለታል። በማግስቱ ስልኬ አያርፍም፤ መስቀል ሲሆንም እንዲሁ ነው።

ምልክቱ በድንገት ይጀምራል። ውሻው በፊት እግሩ አፉን ይቧጭራል፣ መንጋጭላውን ያንቀሳቅሳል፣ ደም የነካው ለሃጭ ያዝረበርባል፤ ነገር ግን ሲጠሩት ይመጣል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ጠባዩ አልተለወጠም። ብዙውን ጊዜ አንድ ስባሪ ላንቃው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ በላይኞቹ ጥርሶች መካከል ተወጥሯል። አንዳንዴም እንደ ቀለበት የተቆረጠ ቅልጥም ከክራንቻዎቹ ጀርባ የታችኛውን መንጋጭላ ያንቃል።

ክትባቱ ያልታወቀ ውሻ ከሆነ እጅዎን ሰብስበው ሐኪም ይጥሩ። የተከተበና የተረጋጋ ውሻዎ ከሆነ፣ አጥንቱም በግልጽ ከታየ፣ አንድ ሰው ይያዝልዎት፤ በማንኪያ እጀታ ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከጉሮሮ ወደ ውጭ፣ ገፋ ያድርጉት። ወደ ውስጥ በፍጹም አይግፉ። ከታገለዎት ያቁሙ። ቀለበቱ በማደንዘዣ ተኝቶ ይቆረጣል እንጂ በጉልበት አይሳብም።

የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ መርፌ ይሰነጠቃልና አይስጡ። ለማኘክ የሚሰጡትን ነገር በአውራ ጣት ጥፍርዎ ይጫኑት፤ ጥፍር ካልሠረጎደው ለጥርስም ይጠነክራል።

ድመቷ ወደ ሳህኑ ትሮጣለች፣ ቀምሳ ትሸሻለች

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ድመቷ ተርባለች፤ ሥጋውን ስትነክሰው እንደተመታች «ፍስስ» ብላ ወደ ኋላ ትላለች። አንዳንዷ ራሷን አዘንብላ ትበላለች፣ መንጋጭላዋ ይንቀጠቀጣል። ራሷን መላስ ስለሚያማት ጠጉሯ ይቆሽሻል፣ ይጣበቃል።

ሁለት ምክንያቶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው የድመቷ የገዛ ሴሎች ጥርሱን የሚያሟሙበት በሽታ ነው፤ ከድዱ ጫፍ ጥርሱ ላይ ደማቅ ሮዝ ነጥብ ይታያል። አይሞላም፣ አይጠገንም፤ ይነቀላል። ሁለተኛው ድዱና የጉሮሮው መግቢያ እንደ ፍም የሚቀላበት የአፍ ቁስለት ነው። ካሊሲ ከሚባለው ቫይረስና ሰውነቷ በገዛ አፏ ላይ ከሚያነሣው ከልክ ያለፈ መከላከል ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የመንጋጋ ጥርሶቹን በሙሉ መንቀል ግድ ይሆናል። ባለቤቶች ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ጥርስ የሌላት ድመት ግን በደንብ ትበላለች፣ ሕመም ካላት ባለ ሙሉ ጥርስ ይልቅ ትወፍራለች።

ድመት 2 ቀን ሙሉ ካልበላች አትጠብቁ፤ ጉበቷ ስብ እያጠራቀመ ሊታመም ይችላል።

በቤት ያለ የሕመም ማስታገሻ አይስጧት። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለሁለቱም እንስሳት አደገኛ ናቸው። በጥርስ ላይ የምናስይዘው ነጭ ሽንኩርትም የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ አረቄም መርዛቸው ነው።

በአጭሩ የሚታለፉ

ቡችላ 28፣ ግልገል ድመት 26 የወተት ጥርስ አላቸው፤ ከ3 ወይም 4 ወር ጀምሮ እስከ 6 ወይም 7 ወር ይለውጣሉ። በሚያኝኩት ገመድ ላይ ትንሽ ደም ቢያዩ አይደንግጡ። የወተት ክራንቻው ሳይወድቅ አዲሱ ጎኑ ከወጣ ግን መነቀል አለበት።

ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ አንድ ጥርስ በምት የሞተ ነው፤ በድንጋይ ተወርውሮበት ይሆናል። የተሸራረፈ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ልባስ በቡችላነቱ ዲስቴምፐር የሚባለው በሽታ ይዞት እንደነበር ሊጠቁም ይችላል። ሁሉም ጥርስ ቢጫ ሆኖ ከበቀለ እናቱ በእርግዝና ወይም እሱ በሕፃንነቱ ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀለም ብቻ ነው፣ አያምም።

የነጣ ድድ የጥርስ ነገር አይደለም። መዥገርና የሆድ ትላትል ደሙን ጨርሰውት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይውሰዱት። ባረጀ እንስሳ አፍ ውስጥ የሚያድግ እብጠትም ቀጠሮ አይሰጠውም።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን ሮዝ መሳይ ምራቅ ቢታይ የተለመደ ነው። ለ10 ቀን ያህል በመረቅ የራሰ እንጀራ ወይም የላመ ሥጋ፣ ለብ ያለ፣ ቅመም የሌለው ይስጡ፤ አጥንትና ገመድ ይራቁ። እስኪድን አይቦርሹ። የታዘዘውን መድኃኒት ስለተሻለው ብለው በመሐል አያቋርጡ። ቀይ ደም ከአንድ ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ፊቱ እንደገና ካበጠ ወይም ሲበላ ምግብ በአፍንጫው ከወጣ ወደ ነቀለው ሐኪም መልሰው ይውሰዱት።