«ቀለም አላይም» የሚሉ አስተባባሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ ከጋምቤላ፣ ከአሶሳ፣ ከቦንጋና ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ አንድ ዶርም ያድራል። ስለዚህ «እኛ ጋ ዘረኝነት የለም» ማለት ይቀላል። የዶርም ተጠሪ ወይም የቡድን አስተባባሪ ሆናችሁ ለምትጀምሩ ነው ይህ የተጻፈው።

«ሁላችንም ጥቁር ነን» ብሎ አቤቱታ መዝጋት

ከሁሉም የሚያስመርረው ይሄኛው ነው። ልጁ መጥቶ «ባሪያ ተባልኩ» ይላል። ተጠሪው «ተወው፣ ሲቀልድ ነው፣ ሁላችንም ጥቁር ነን» ብሎ ይሸኘዋል። ማን እንደሰደበው እንኳ አልጠየቀም! ደግሞስ «ሁላችንም ጥቁር» የምንሆነው ፈረንጅ ፊት ነው እንጂ እርስ በርሳችን ስንሆንማ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም እያልን እንደረድራለን። ስድቡም ታሪክ አለው። በአባ ጅፋር ዘመን እዚሁ ጅማ፣ በሒርማታ ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው።

«ቀለም አላይም» የሚለው አባባል ራሱ ንጹሕ አይደለም። አሜሪካዊው ዳኛ ጆን ሃርላን እ.ኤ.አ. በ1896 «ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም» ሲል ነጭና ጥቁርን በሕግ መለያየትን ተቃውሞ ነበር፤ እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ነጮች በትምህርት፣ በሀብትና በሥልጣን የበላይ መሆናቸውን፣ እንደዚያው ሆነው እንደሚቀጥሉም እንደማይጠራጠር አስፍሯል።

የሚደረገው ይህ ነው፦ የተባለውን ቃል ሳታለሳልሱ በዚያው ቀን ጻፉት። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ሰማ። ተሳዳቢውን ለብቻው አነጋግሩ። እርቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ተሰዳቢው ከፈለገ። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ «በሉ ተቃቀፉ» ማለት ተበዳዩን ሁለተኛ ማዋረድ ነው።

ስድብ ካልተሰማ አድልዎ የለም ብሎ ማሰብ

ቤት አከራይ «ተይዟል» ሲል በትሕትና ነው የሚለው። ለማጣራት ሁለት ተማሪዎች ላኩ፤ ጾታቸው፣ ትምህርት ክፍላቸውና የመክፈል አቅማቸው አንድ ዓይነት፣ መልካቸው ግን የተለያየ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት ይሂዱ። እያንዳንዱ እንደወጣ ለብቻው ይመዝግብ፦ ቤቱ አለ ተባለ ወይ? ስንት ብር? የስንት ወር ቅድሚያ? «አገርህ የት ነው?» ተጠየቀ ወይ? አንድ ቤት ምንም አያሳይም፤ አሥር ሲሞላ መልኩ ይወጣል። መጀመሪያ የሚሄደውንም አፈራርቁ፣ አለዚያ ቤቱ በእርግጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በቦስተንና ቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች በዚህ ዘዴ ተልከው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። የነጭ ስም የያዘው 10 ልኮ የሚያገኘውን አንድ ጥሪ፣ የጥቁር ስም የያዘው 15 መላክ ነበረበት። የሰደበ ሰው አልነበረም።

ስም ሸፍኖ ጨረስኩ ማለት

ማመልከቻ አይታችሁ ሰው ስትመርጡ የአመልካቹ ስም ቢሸፈንም የቀበሌ ደብዳቤውና የትውልድ ቦታው ይናገራሉ፤ አድልዎውም ወደ ቃለ መጠይቁ ይሻገራል። ነጥብ አሰጣጡን ማመልከቻ ከመክፈታችሁ በፊት ጻፉ፣ ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል አቅርቡ። አመልካቹ የመጣበትን አካባቢ በሌላ ወረቀት መዝግባችሁ ነጥብ ለማይሰጥ ሰው ስጡ። ይህን ያልመዘገበ፣ በዓመቱ መጨረሻ ማን እንደወደቀ መቁጠር አይችልም።

«ማሽን ቀለም አይለይም»

ይሄ ለሕክምና ተማሪዎች ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያነብበው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን እያሳየ የደም ምርመራው ከ88 በታች የሆነው በጥቁር ታካሚዎች 11.7፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነው። ጣቱን አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ያለበትን ጣት ተዉ፣ ምላስና የከንፈርን ውስጥ እዩ፣ ትንፋሽ ቁጠሩ። ታካሚው እያቃሰተ ቁጥሩ 93 ቢል ታካሚውን እመኑ።

ምስጋና የሚመስል ስድብ

«ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት።» «ብትሆንም» የምትለዋን አውጧት።

ቀለምን ብቻ መፈለግ

ከጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች የተገለሉት በቆዳቸው ብቻ አይደለም። ለዘመናት የጎረቤት ቤት አይገቡም ነበር፣ ምግብ በቅጠል ይሰጣቸው ነበር። ከዚያ አካባቢ የመጡ ልጆች አብረው ቡና ሲጠጡ ፊት ላይ ሳይሆን ረከቦቱ ላይ አተኩሩ። ለሁሉም የሚዞር ሲኒ ለአንዱ ሲደርስ በፕላስቲክ ኩባያ ከተተካ፣ ማን እንደተካው ጠይቁ።