ዲኤክሷ አልነሳ ስትል፣ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት የማየው

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። የምነዳት ዲኤክስ የአባቴ ነበረች። በፈረንጆቹ 1983 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ 4ኬ የሚሉት ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) ሞተር አላት። ኮምፒውተር የለባትም። ምን እንደነካት የሚናገር መብራት አይበራም። ያለው አማራጭ እሷኑ ማዳመጥ ነው።

ማዳመጥን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ሰሞን ከአየር ጤና ተነስቼ ሜክሲኮ ስደርስ አቅም ታጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ከዚያ ጸጥ። አሥር ደቂቃ ቆሜ ቁልፉን ሳዞር ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አንዱ ጋራዥ “እህቴ፣ ካርቡሬተሩ ቆሽሿል” ብሎ አጠበ። ሌላው የቤንዚን ፓምፑን ቀየረ። ሦስተኛው ቦቢና፣ ማለትም ለሞተሩ እሳት ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን፣ አስገዛኝ። መጥፋቷን ግን አልተወችም።

በመጨረሻ ቄራ አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። መፍቻ እንኳ አላነሱም። “ልጄ፣ ስትጠፋ እንዴት ነው? እንደ አምፖል ድርግም ነው ወይስ እየተንገዳገደች?” አሉኝ። “እየተንገዳገደች ነው ጋሼ” አልኳቸው። ሄደው የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ታንከሩን፣ ክዳን ፈቱ። ሽው! አየር ሲገባ እኔም ሰማሁት።

ጥፋቱ የራሴው ነበር። ቤንዚን ይሸተኛል ብዬ ክዳኑ ስር ፌስታል አጣጥፌ አጥብቄበት ነበር። ነዳጅ ከሰልባትዮው ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ሲታፈን ፓምፑ ቢጎትት ቢጎትት አይመጣለትም። ስቆም አየሩ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይገባል፣ እሷም ትነሳለች። ሆስፒታል ውስጥ “ከመቼ ጀምሮ ነው? መቼ ይብስብዎታል?” ሳልል መርፌ አላነሳም። መኪናዬ ላይ ግን ሦስት መርፌ አስወጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ከገንዘብ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። የመጀመሪያው፣ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይዞራል ወይ?

ካልዞረ ስለ ካርቡሬተር ማሰብ የለም። የፊት መብራት አብሩና ሰው እያየላችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደከመ ወይ ከጠፋ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ነው። መብራቱ እንደደመቀ “ቀጭ” ብቻ ካለ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ጠርጥሩ። ቮልት የሚለካ ቴስተር ካላችሁ፣ አድሮ ያልተነካ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ችግሩ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላይ ነው።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ተርሚናሎቹን ንኩ። ጥቂት ካስዞራችሁ በኋላ አንዱ የሚሞቅ ከሆነ ላልቷል ወይ ዝጓል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ፍቁት፣ አጥብቁት። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድም አትርሱ። የእኔዋን ሁለት ክረምት ያሰቃያት እሱ ነው።

በግፊ ማስነሳትም ራሱ ምርመራ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ወዲያው ተነስታ በደንብ ከሠራች ቤንዚኑና እሱን የሚለኩሰው የኤሌክትሪክ እሳት ደህና ናቸው፤ ጣጣው ባትሪና ሞተሪኖ ዘንድ ነው። የሰፈር ልጆች ለዚህ ምርመራ የሚጠይቁት ዋጋ ግን በየጊዜው እየጨመረ ነው።

ሞተሩ እየዞረ አልይዝ ካለ ወይ ቤንዚን አልደረሰውም ወይ እሳት የለም። የካንዴላ መፍቻ አንሱ፤ ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳቱን የሚረጨው ነው። ካዞራችሁ በኋላ አንድ ካንዴላ ፍቱ። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየመጣ ነው፤ እሳቱን እዩ። ደረቅ ከሆነ የነዳጁን መንገድ ተከተሉ።

እሳት ለማየት ካንዴላውን ገመዱ ላይ መልሳችሁ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ሰው ቁልፍ ያዙር። ገመዱን በእጃችሁ አትያዙ፤ ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዙት። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ደርቆ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ካንዴላ ከተፈታበት ቀዳዳም አርቁት። ሰማያዊ ሆኖ “ጣ ጣ” የሚል እሳት ጥሩ ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። በእኔዋ የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር፣ የኮንታክት ፖይንቱ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ካረንቱን የሚከፍትና የሚዘጋው፣ 0.45 ነው። ኮንታክቱ ከተቃጠለ ወይም ክፍተቱ ከተዘጋ እሳት የለም።

ክረምት ላይ ደግሞ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን እርጥበት ይወዳል። ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ሞተሩ እየሠራ ኮፋኑን ክፈቱ። በገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ካያችሁ እሳቱ የሚባክነው እዚያ ነው።

ነዳጁን ለማየት ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የአየር ማጣሪያውን አንሱና ካርቡሬተሩ ውስጥ እያያችሁ የነዳጅ ፔዳሉን ሽቦ ሳቡ። ቤንዚን ፊጭ ማለት አለበት። ካላለ ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን)፣ ከዚያ ፓምፑን እዩ። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን በሃይላንድ ገዝታችሁ ከሆነ የገዛችሁትን ትንሽ አስቀርታችሁ ብርሃን ላይ አቁሙት። ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ይተኛል። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ቤንዚን በዝቶባት ስትሰምጥ፣ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጣችሁ ያዙ። ፔዳሉን ሳትደጋግሙ አምስት ስድስት ሰከንድ ቁልፉን አዙሩ።

ቁልፉን ስታዞሩ ቱር ብላ ተነስታ፣ ቁልፉን ስትለቁ ወዲያው የምትጠፋ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ይህ ርካሽ በሽታ ነው። ብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ለቦቢናው የሚሄደውን ካረንት የሚቀንስ ሬዚስተር አለ። ስታስነሱ ካረንቱ እሱን አልፎ በቀጥታ ይሄዳል፤ ስትለቁ በእሱ በኩል ይሄዳል። እሱ ከተቃጠለ ትነሳለች ግን አትቆይም። ይህን ሳያዩ ካርቡሬተር የሚፈቱ ሞልተዋል።

አሁን ወደ መንገድ ላይ መጥፋት። እንደ አምፖል ድርግም ካለች እሳት ነው፦ የላላ ሽቦ፣ ቁልፉ የሚገባበት ማብሪያ፣ ወይም ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና። ቦቢና ከጠረጠራችሁ እሳቱን እዚያው በጠፋችበት ደቂቃ እዩ። ቀዝቅዛ ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ ናት፣ እናንተም ውሸታም ትሆናላችሁ። እየተንገዳገደች ከጠፋች ነዳጅ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሽው ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስትወጡ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ፈልቶ ይሆናል። ከፍታ ላይ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል፣ ሞተሩም በዝግታና በጭነት ሲወጣ ይግላል። ፈሳሽ እንዲስብ የተሠራ ፓምፕ እንፋሎት አይስብም። ጥላ ፈልጉ፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቧንቧው ላይ ጣሉ፣ ጠብቁ። ብርቱካን ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከማስጨመራችሁ በፊት አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ፈልጉ። ፍሬን ስትረግጡ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ የፍሬኑ ሰርቮ (ፍሬኑን የሚያቀለው) ወይም ወደሱ የሚሄደው ቱቦ አየር ያስገባል፤ ይህን ግን ለነገ አታሳድሩ፣ ፍሬን ነው።

ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለችኝ። መካኒክ ጋ ስሄድ አነብለታለሁ። መጀመሪያ ይስቁብኛል፣ ከዚያ “እስቲ ድገሚልኝ” ይላሉ። የዛሬው እንዲህ ይላል፦ “ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ብርድ። በሦስተኛው ተነሳች። 3ኛው ካንዴላ ጥቁር ነው፣ ቅዳሜ ይታይ።”