ወላጆችን ለሚያሠለጥን ባለሙያ፦ አነጋገርንና አያያዝን ስለ ማሰናዳት

የልጆቻቸው ጠባይ ያስቸገራቸውን ወላጆች በጎንደር፣ በማራኪም ሆነ በአዘዞ፣ ሰብስቦ ለማሠልጠን የሚሰናዳ ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያውለው የሥልጠናውን ሰነድ በማጥናት ላይ ነው። ሰነዱ አስፈላጊ ነው፤ ይሁንና ወላጁ የሰማውን ቤቱ ገብቶ እንዲሠራበት የማድረጉ ነገር በእጅጉ በአሠልጣኙ አያያዝ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ አያያዙም ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል።

ጄራልድ ፓተርሰንና ማሪየን ፎርጋች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ባለሙያው ሲያስተምርና ፊት ለፊት ሲሞግት የወላጆች እምቢታ እንደሚጨምር፣ ሲደግፋቸውና ሐሳባቸውን እንዲያወጡ ሲያመቻችላቸው ግን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ያለ ማስተማር ሥልጠና ስለማይኖር መፍትሔው ትምህርቱን መተው ሳይሆን ጊዜውን መምረጥ ነው።

ለምሳሌ አንዲት አያት «ሳይቀጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ቢሉ፣ የመምታትን ጉዳት ወዲያው መዘርዘር እርሳቸውን በሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል። ይልቁንም «እማማ፣ ልጁን ለማረም ብዙ እንደደከሙ ይታየኛል፤ ከተመታ በኋላ ጸጥ የሚለው እስከ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሳቸውንም ሳያቋርጡ ያዳምጡ። «እስከ ማታም አይቆይ» ካሉ ችግሩን በራሳቸው አንደበት ተናግረውታልና፣ ልጁ መልካም ሲሠራ በዚያው ቅጽበት ሥራውን ለይቶ ማመስገንን ማስተማር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ በቃል ብቻ አይለቅ፤ በመጀመሪያ እርስዎ ልጁን ሆነው አያቲቱ ይለማመዱ፣ ቀጥሎም ከልጁ ጋር ይሞክሩት። ጄኒፈር ካሚንስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ወላጆች በሥልጠናው ላይ ከገዛ ልጃቸው ጋር የሚለማመዱባቸው መርሐ ግብሮች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ስላገኙ፣ ልጆቹ የሚመጡበትን ቀን ማመቻቸት ድካሙን ይክሳል።

በእኛ ዘንድ እምቢታ ሁልጊዜ በንግግር እንደማይገለጥ በተለይ አደራ እላለሁ። ወላጆች ለተማረ ሰው ካላቸው አክብሮት የተነሣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙና፣ ያላመኑበትን ሳይናገሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ገባችሁ?» ከማለት «ይህን ነገ ቤት ውስጥ ለማድረግ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ማለት ይሻላል፤ ባል ወይም አማት እንደማይስማሙ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ደግነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ወላጁና ባለሙያው በሥልጠናው ግብና በሚሠራው ሥራ ላይም መስማማት አለባቸው።

የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣውን ወላጅ አይውቀሱ። ያገደውን ነገር ጠይቀው፣ ሥራው ከብዶ ከሆነ ያሳንሱለት፤ ቀኑን ሙሉ ገበያ ለምትውል እናት ማታ ልጇን በማስተኛት ሰዓት የምትሠራው አንድ ነገር ይበቃታል። በወላጆቹ ፈቃድ አንዱን ክፍለ ጊዜ በድምፅ ይቅዱና ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ያዳምጡት፤ የእርስዎ ድምፅ ከወላጆቹ ድምፅ በልጦ ከተገኘ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ከማብራሪያው ቀንሰው ጥያቄዎችን ያዘጋጁ።